ጋሽ ዘለቀ ንግሥት የሆኑ ለት

ጋሽ ዘለቀ ማረፋቸውን ሰምቼ ለቀብር ቂርቆስ ስሄድ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ሟች ያቺ የእንጀራ ልጇን ልትመርዝ የነበረችው ሴትዮ አይደሉም?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎን፣ እሳቸው ናቸው» አልኳቸው።

አሮጊቷ አማተቡ። «ነፍስ ይማር። እኔ እንኳ ይቅር ብያቸዋለሁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ልቅሷቸው ተመለሱ።

ይቅር የሚባል ነገር እንዳልነበረ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከየት ይጀመራል? ጋሽ ዘለቀ በዕድሜያቸው ሙሉ አንዲት ዶሮ አላረዱም። በዓል ሲደርስ ሚስታቸው ወይዘሮ ተዋበች ዶሮዋን ታቅፈው፣ ባል እያላቸው፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያርድ ወንድ ይፈልጉ ነበር። ጋሽ ዘለቀ በዚያች ሰዓት ጓሮ ገብተው የሌለ ነገር ሲፈልጉ ይቆያሉ። ደሙ ከታጠበ በኋላ ብቅ ይሉና፣ «አለቀ?» ይላሉ።

ሰውነታቸውን ያየ ግን ይህን አያምንም። ከየትኛውም በር ጎንበስ ሳይሉ አይገቡም። ጢማቸው ደረታቸው ላይ ተነጥፏል። በጣሊያን ጊዜ፣ ዛሬ ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ገና የድንጋይና የአሸዋ ክምር ሳለ፣ ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ነበር፤ ጋሽ ዘለቀም እዚያ የኖራና የሲሚንቶ መጋዘን ይጠብቁ ነበር። ጠዋት ጥቁር ሰው ሆነው ከቂርቆስ ይወጣሉ፤ ማታ ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ሆነው ይመለሳሉ። የሰፈር ሰው ሲያያቸው፣ «ትንሣኤ ሙታን ደረሰ» ይል ነበር።

አንድ አባባል ነበራቸው። ሠርግ ቢጠሯቸው፣ ለዕርቅ ቢለምኗቸው፣ ጣሪያ ቢያፈስ፣ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዳምጡና፣ «ይሁን፤ ግን እንዴት?» ይላሉ። እምቢ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። እሺ ብለውም አያውቁም። ሁልጊዜ «ይሁን፤ ግን እንዴት?» ነው።

ቴአትሩን ያመጡብን መምህር ጥላሁን ናቸው። ጣሊያን ትምህርት ቤታቸውን ከዘጋ ወዲህ እዚያው ግንባታው ላይ ጠዋት ጠዋት የሠራተኛ ስም እየጠሩ ነበር የሚኖሩት። ማስተማር የለመደ ሰው ስም ጠርቶ ብቻ አይጠግብምና፣ ማታ ማታ አንድ ተውኔት ጻፉ። ነገሩ እንደ ጥንቱ አሳዛኝ ተውኔት ነው፤ ክፉ ሠሪ በገዛ ክፋቱ ይወድቃል። ብርቅነሽ የምትባል ንግሥት አለች። ባሏ ንጉሡ ከቀድሞ ሚስቱ የወለደው አልጋ ወራሽ አለው። ንግሥት ብርቅነሽ የራሷ ልጅ እንዲነግሥ ብላ ለእንጀራ ልጇ መርዝ ያለበት ጽዋ ትሰጠዋለች። ደጉ የእንጀራ ልጅ ግን፣ «መጀመሪያ ታናሼ ይጠጣ» ብሎ ጽዋውን ለወንድሙ ያቀብለዋል። የንግሥቲቱ ልጅ ጠጥቶ እናቱ እግር ሥር ይወድቃል።

ፈቃድ የሰጠው የግንባታው አለቃ ነው። ሠራተኛው «ሲኞሩ» ይለው ነበር፤ እኛም እንደዚያው። ሲኞሩ አይጮህም፣ አይሳደብም። ዘወትር ነጭ ጓንቲ ያደርጋል። አንድ ሰው ላይ ክፉ ሲያስብ ያን ጓንቲ ጣት በጣት እየሳበ ያወልቅና፣ የሰውየውን ጉንጭ መታ መታ አድርጎ «ብራቮ፣ ብራቮ» ይላል። አንድ ውኃ አመላላሽ እንዲህ ተደርጎ ከሰዓት በኋላ የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኔሪዎቹ፣ መጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲያ አላየነውም። ስለዚህ ሠራተኛው ዱላ ይዞ ከሚያሠራው ካቦ ይልቅ የሲኞሩን ባዶ እጅ ይፈራ ነበር።

እኔ እዚያ መሃል የገባሁት የቄስ ልጅ በመሆኔ ነው። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ፊደል አስተምረውኝ ነበር፤ መምህር ጥላሁን ደግሞ ተዋናዮቹ ቃል ሲጠፋቸው ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ ሹክ የሚል ሰው ይፈልጉ ነበር። ሴት ብሆንም ስለማልታይ ችግር የለውም ተባለ። ንግሥቲቱን መሆን እንደምችል ለማንም አልታየውም፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም አልታየኝም። በዚያ ዘመን መድረክ ላይ የወጣች ሴት እናቷ ከቤት አታስገባትም።

ወንዶቹም ቢሆኑ ሸሹ። ንጉሥ ለመሆን ስድስት ሰው ተሻማ፤ አናጢው አቶ በቀለ አሸነፉ። አልጋ ወራሹን አሰፋ የሚባል ወጣት ግንበኛ ወሰደው። ክፉዋን ንግሥት ግን ማንም አልነካትም። «ነገ ሚስቴ ምን ትለኛለች» ያለም ነበር፤ «ሕዝቡ በድንጋይ ይለኛል» ያለም ነበር። መጨረሻ ላይ መምህር ጥላሁን መጋዘን ሄደው ጋሽ ዘለቀን ለመኗቸው። ጋሽ ዘለቀ የኖራ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አዳመጡና፣ «ይሁን፤ ግን እንዴት?» አሉ።

የመጀመሪያው «እንዴት» ጢማቸው ነበር። ተላጩ። ከዚያ ሁሉ ጢም ሥር የወጣው ፊት የሕፃን ፊት ነበር፤ ክብ፣ ለስላሳ፣ አገጩ ላይ ጉድጓድ ያለው። ቤታቸው ሲደርሱ ወይዘሮ ተዋበች በሩን ገርበብ አድርገው አዩዋቸውና፣ «ባለቤቴ የሉም፤ ማታ ይምጡ» ብለው ዘጉባቸው።

ልምምዱ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ክፉ ሴት እንዴት እንደምትራመድ፣ እንዴት እንደምትስቅ፣ በምን ዓይን እንደምታይ ለመወሰን ሦስት እሑድ ፈጀ። መምህር ጥላሁን ኩሉ ከዓይን እስከ ጆሮ ግንድ መሳብ አለበት አሉ። አቶ በቀለ፣ «ክፉ ሴት ከንፈሯን ትነክሳለች፤ እኔ አውቃለሁ፣ አማት አለችኝ» አሉ። አሰፋ ክፉ ሴት ስትስቅ ጣሪያ ማንቀጥቀጥ አለባት አለ። ጋሽ ዘለቀ የታዘዙትን ሁሉ አደረጉ። ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ደማ። ሳቁ፤ ኖራ ያነቀው ሰው ሳል ወጣ። ቆይቶ ሁሉም በየተራ ክፉ ሴት ምን እንደምትመስል ሊያሳዩአቸው ተነሡ። ግንበኛው፣ አናጢው፣ መምህሩ፣ ያ ሁሉ ጎልማሳ ነጠላ ተከናንቦ፣ ዳሌውን እያወዛወዘ ከጆንያ ጆንያ ይንጎራደዳል። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። በሦስቱም እሑድ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ መጋዘኑ ውስጥ ያለችው ሴት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሦስተኛው እሑድ ጋሽ ዘለቀ ኩላቸው በላብ ጉንጫቸው ላይ እየወረደ መጡና መጋረጃውን ገለጥ አደረጉት።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ጽጌ?» አሉኝ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ክፉ ሴት። አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አይቻለሁ አልኳቸው። አክስቴ የሺመቤት አለችልኝ። አባቴ በሞቱ በዓመቱ እናቴንና እኔን ከቤታችን ያስወጣችን እሷ ናት። ስታስወጣን ድምጿን ከፍ አላደረገችም። የነጠላዬን ጥለት አስተካከለችልኝ፤ ትከሻዬን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችልኝ፤ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ብርድ ነው። ለእናትሽ ጤና ቆላ ቆላውን ቢሆን ይሻላል» አለችኝ። እኔም የጅል ነገር አመስግኛት ነው የወጣሁት።

ጋሽ ዘለቀ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ነገ ውሰጂኝ» አሉ።

በማግስቱ ከሥራ መልስ፣ እሷ ዘንድ የቀረውን የአባቴን ዳዊት ልጠይቅ በሚል ሰበብ ወሰድኳቸው። ኖራቸውን እንኳ በወጉ አላራገፉም። አክስቴ ባሏ ከሞተ አራተኛ ዓመቷ ነው። ጢሙን የተላጨ፣ ዘለግ ያለ፣ ትሁት ሰው ደጇ ሲቆም አይታ ልብሷን ለውጣ መጣች። ጋሽ ዘለቀ ተቀመጡና ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቅል አሉ። እጇን ያያሉ፤ አነጋገሯን ያያሉ፤ ስትቀመጥ ቀሚሷን እንዴት እንደምትሰበስብ ያያሉ። እሷ ይህን ሁሉ በሌላ ተረጎመችው።

«ባለቤትዎ ወይዘሮ ተዋበች ደህና ናቸው?» አለቻቸው።

«ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን።»

«ሳል ሳል ይላቸዋል ሲሉ ሰምቼ።»

«ኧረ ምንም የላት።»

«ያቆይልዎ። መቼም ሰው ነን፤ ዛሬ አለን፣ ነገ የለንም» አለችና ወደ እሳቸው ጠጋ ብላ ትከሻቸው ላይ ያለውን ኖራ በመዳፏ ቀስ አድርጋ ጠረገችላቸው።

ጋሽ ዘለቀ ደንግጠው ተነሡ። ዳዊቱንም ሳንጠይቅ ወጣን። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስክንደርስ አልተናገሩም። ከዚያ ቆም አሉና፣

«ጽጌ» አሉኝ።

«አቤት።»

«አክስትሽ ተዋበችን ገደለቻት እኮ።»

«መቼ?»

«አሁን። ትከሻዬን ስትጠርግ።»

በሚቀጥለው እሑድ ኩሉን አጠቡት፤ ሳቁን ተዉት። መርዙን ለአልጋ ወራሹ ከመስጠታቸው በፊት ትከሻውን ቀስ አድርገው ጠረጉለት፤ «የኔ ልጅ፣ ደክሞሃል» አሉት። አሰፋ ጽዋውን ሳይቀበል ወደ ኋላ ሸሸ። መምህር ጥላሁን ወረቀታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። አቶ በቀለ፣ «አማቴ እንኳ እንዲህ አላደረገችኝም» አሉ።

የጋሽ ዘለቀ ቤት ግን ሰላም አልነበረም። አክስቴ ጋሽ ዘለቀ ሊያጯት እንደመጡ ሰፈሩን አዳርሳው ነበር። ወይዘሮ ተዋበች ሦስት ቀን ሙሉ ወጥ አልሠሩም። በአራተኛው ቀን እናቴ ሄዳ አስረዳች። ወይዘሮ ተዋበችም፣ «ክፋት ለመማር ከቤት መውጣት ምን አስፈለገው? እኔን ቢጠይቀኝ ምናለ?» ብለው አዘኑ፤ ከዚያ በኋላ ግን ወጡ ተሠራ።

እንዲህ እያልን ሳለ ሲኞሩ ልምምዱን ሊያይ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። አስተርጓሚው አቶ ብርሃኑ የእኛው የቂርቆስ ሰው ናቸው። ሰፈር ውስጥ ማንም ሰላም አይላቸውም፤ ሲያልፉ ሰው ወደ ግድግዳ ይዞራል። ሲኞሩ ሲሚንቶ ጆንያ ላይ መሐረቡን አንጥፎ ተቀመጠ፤ እስከ መጨረሻው አየ፤ ደስ አለው። ደስ ያለው ደግሞ ክፉዋ ሴት ሐበሻ ንግሥት በመሆኗ ነው። ከአቶ ብርሃኑ ጋር በጣሊያንኛ ተነጋገሩና አቶ ብርሃኑ ተረጎሙ።

«ሲኞሩ ይላል፦ ንግሥቲቱ እንደ እውነተኛ ንግሥት ዘውድ ትድፋ፤ ካባ ትልበስ። መጨረሻ ላይ ወደ ሕዝቡ ትዙርና፣ ‹ሕዝብ ሆይ፣ የሚገዛህ ማን እንደሆነ እይ› ትበል።»

መምህር ጥላሁን ብዕራቸውን አንሥተው፣ «‹የሚገዛህ› ነው ወይስ ‹የገዛህ›?» ብለው ጠየቁ።

«እንዳልኩዎት ይጻፉ» አሉ አቶ ብርሃኑ፤ ግንባራቸው አልቦት ነበር።

ሲኞሩ ተነሣ። ጓንቲውን ጣት በጣት አወለቀና የመምህር ጥላሁንን ጉንጭ መታ መታ አደረገ። «ብራቮ» አለና ወጣ።

እሱ ከወጣ በኋላ መጋዘኑ የሐዘን ቤት ሆነ። የፈለገው ግልጽ ነው፤ በሕዝባችን ፊት በስደት ባሉት ገዢዎቻችን እንድናላግጥ። ብናደርገው ዕድሜ ልካችንን «ባንዳ» ተብለን እንቀራለን። ባናደርገው የውኃ አመላላሹ ዕጣ ይደርሰናል። መምህር ጥላሁን ተውኔቱን ሊያቃጥሉት ክብሪት ፈለጉ። አቶ በቀለ ታምሜያለሁ ልል ነው አሉ። ጋሽ ዘለቀ ብቻ ሲኞሩ በወጣበት በር በኩል ቆመው ያያሉ።

«ይሁን» አሉ በመጨረሻ።

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። «ግን እንዴት» እስኪሉ ጠበቅን። አላሉም። ይልቅ ወደ እኔ መጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ሰውዬ የአክስትሽ ወንድም መሆን አለበት» አሉኝ። ከዚያም፣ «ከመጋረጃው የተረፈ አቡጀዲ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አለ። ለምን?»

«ጓንቲ ስፊልኝ።»

ቴአትሩ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያ ባልወጣለት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ሲኞሩ፣ ሌሎች ሦስት ጣሊያኖችና አቶ ብርሃኑ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሠራተኛው፣ ከሠራተኛው ኋላ የቂርቆስ ሕዝብ፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን። አክስቴም መጥታለች። እኔ መጋረጃው ላይ ባገኘሁት ቀዳዳ ሁሉንም አያለሁ።

ጋሽ ዘለቀ ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ለብሰው ሲወጡ ሕዝቡ ሊስቅ ጀምሮ ነበር። ሳቁ ግን አልቆየም። ቀስ ብለው ተራመዱ፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ። ድምፃቸው ያው የራሳቸው ለስላሳ ድምፅ ነው። ከሴቶቹ እያንዳንዷ የምታውቀውን ሰው እያየች ይመስለኛል። ጽዋው መጣ። የአልጋ ወራሹን ትከሻ ጠረጉለት።

«አትጠጣ፣ ልጄ» አለች አንዲት ሴት ከሕዝቡ መሃል። አጠገቧ ያሉት ዝም ሊያሰኟት ቢሞክሩ፣ «አንቺ እናት አይደለሽም?» ብላ ተቆጣቻቸው።

ያኔ ጋሽ ዘለቀ እኔ የሰፋሁላቸውን ነጭ ጓንቲ ከትንሿ ጣት ጀምረው ሳብ፣ ሳብ እያደረጉ አወለቁ። አልቸኮሉም። አምስቱንም ጣት ጨረሱና የአልጋ ወራሹን ጉንጭ መታ መታ አድርገው፣ «ጎሽ፣ ጎሽ» አሉት።

ከዚያ ከኋላ፣ ከድንጋይ ጠራቢዎቹ በኩል፣ አንድ ሰው ሊያፍነው ሞክሮ ያልቻለው ሳቅ አመለጠው። ሳቁ ወደ ግንበኞቹ ዞረ፤ ከግንበኞቹ ወደ አናጢዎቹ፤ ወዲያው ግቢው ሁሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ። መርዝ እየተሰጠ የሚሳቅበት ተውኔት እንደሌለ ሲኞሩም ያውቃል። ወደ አቶ ብርሃኑ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ጠየቃቸው። መምህር ጥላሁን አጠገቤ ቆመው ዳዊት ይደግማሉ።

አቶ ብርሃኑ አጭር ነገር መለሱ። ሲኞሩ ሳቀ። ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ እግሩን መታ። ያሉትን የሰማ አንድ ጣሊያንኛ የሚያውቅ ሾፌር በኋላ እንደነገረን፣ «ሴቲቱ ወንድ ስለሆነች ነው የሚስቁት» ነበር ያሉት።

ልጇ ጠጥቶ ሲወድቅ ግን የሳቀ የለም። ጋሽ ዘለቀ ያን የሚያህል ቁመታቸውን አጥፈው ልጁ አጠገብ ሲቀመጡ፣ በዚያ ሁሉ ልምምድ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ የሞተውን ልጅ ትከሻ ጠረጉ። ሴቶቹ አለቀሱ። ከዚያ ተነሡ፤ ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ሁለተኛውን ጓንቲ ጣት በጣት እያወለቁ ያችን ሲኞሩ ያዘዛትን ቃል አሉ።

«ሕዝብ ሆይ፣ የሚገዛህ ማን እንደሆነ እይ።»

ሕዝቡ አየ። ዓይኑ ሁሉ ከጋሽ ዘለቀ እጅ ላይ ተነሥቶ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ነጭ ጓንቲ ሄደ። ጭብጨባው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነበር። ሲኞሩም ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ጓንቲ ስላደረገ የእሱ ጭብጨባ አልተሰማም። አክስቴ እንባዋን እየጠረገች ወደ እኔ መጣችና፣ «እንዲህ ያለችም ሴት አለች? ከእንዲህ ያለ ይሰውርሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ፤ የነጠላዬንም ጥለት አስተካከለችልኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለጋሽ ዘለቀ ኑሮ ከበዳቸው። ሰዉ ስለ ሲኞሩ የገባውን ገብቶት በልቡ ይዞታል፤ ንግሥቲቱን ግን ይቅር አላላትም። ማኅበር ላይ ጠላ ሊቀዱ ሲነሡ ሰው ሁሉ ጠገብን ይላል። አማታቸው ከእጃቸው ጉርሻ መቀበል ተዉ። ሕፃን ሲያለቅስ እናቲቱ፣ «ዝም በል፣ ብርቅነሽ መጣች» ትላለች። አንድ ቀን የወይዘሮ ተዋበች ቀሚስ ላይ የወደቀ ክር ሊያነሡላቸው እጃቸውን ቢዘረጉ፣ ወይዘሮ ተዋበች፣ «እንዳትነካኝ» ብለው እስከ በር ሸሹ። ጋሽ ዘለቀ ይህን ሁሉ እንደ ሙገሳ ነው የተቀበሉት። «አሁን ገና ዋጋዬን አወቁ» ይሉኝ ነበር፤ ሲሉ ግን ትንሽ ያዝናሉ።

በሳምንቱ ሲኞሩ አስጠራቸው። ወይዘሮ ተዋበች ምንም ሳይናገሩ ጥቁር ቀሚሳቸውን ከሣጥን አወጡ። ጋሽ ዘለቀ ንስሐ ገብተው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ፤ ፊታቸው ያለ ኖራ ነጭ ሆኗል።

«ምን አለዎት?» አልናቸው።

«ንግሥቲቱ ግሩም ናት፤ ጓንቲዋ ግን የድሃ ነው አለኝ» አሉና ኪሳቸው ገብተው የሲኞሩን የራሱን አንድ ጥንድ ጓንቲ አወጡ። «ይህን ሰጠኝ። ከዚያ ጉንጬን መታ መታ አደረገኝ።»

ያ መታ መታ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጋሽ ዘለቀ ሳምንት ሙሉ ጫማቸውን ሳያወልቁ ካራቢኔሪ ጠበቁ። የመጣ የለም። ሲኞሩ ጉንጫቸውን መታ ማድረጉ ለአንድ ጊዜ ያህል ምስጋና ብቻ ነበር፤ እሱም በማይገባው ቦታ ወደቀ። ጓንቲውን ኖራ መዛቂያ አደረጉት፤ ጥሩ ጓንቲ ነበር፣ ነፃነት እስኪመለስ አገለገለ። ሲኞሩ ራሱ ከዚያ በፊት ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። መምህር ጥላሁን ወደ ትምህርት ቤታቸው ተመለሱ። ጋሽ ዘለቀ ጢማቸውን አሳደጉ።

ስለ ጋሽ ዘለቀ ካየሁት ሁሉ ግን የማልረሳው ጣሊያን በወጣ ሰሞን የሆነውን ነው። ከቅዳሴ ስንመለስ አቶ ብርሃኑ አጥር ዙሪያ ሕዝብ ተሰብስቦ አየን። ዱላ የያዘ አለ፤ ድንጋይ የያዘ አለ። «ባንዳው ይውጣልን» ይላሉ። ጋሽ ዘለቀ ነጠላቸውን ሰብስበው ሰዉን እየገፉ አልፈው አጥሩ በር ላይ ቆሙ። እኔ ተከተልኳቸው።

«ቴአትሩን ያየ አለ?» አሉ ጋሽ ዘለቀ። ድምፃቸው ያው ነው፣ ዝቅ ያለ። ለመስማት ሲሉ የፊተኞቹ ዝም አሉ።

«ብዙዎቻችን አይተናል» አለ አንዱ።

«ስትስቁ ሲኞሩ ይህን ሰው ‹ለምን ይስቃሉ?› ብሎ ጠይቆት ነበር። ይህ ሰው እውነቱን ቢነግረው ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም። የሳቃችሁትም አትቆሙም። ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ዋጠው። ‹የገዛህ› የሚለውን ‹የሚገዛህ› ብሎ የተረጎመልንም እሱ ነው። ይህን ያደረገን ሰው ነው የምትወግሩት?»

ከሴቶቹ መሃል አንዲቷ፣ «እንግዲህ ብርቅነሽ ራሷ ከመሰከረችለት ምን እንላለን?» አለች።

አንዱ ሳቀ። ሌላው ሳቀ። የሳቀ ሰው ድንጋይ አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ አንድ በአንድ ጣሉትና ተበተኑ።

በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አቶ ብርሃኑ ነበሩ፤ ልብሳቸው በላብ ከጀርባቸው ጋር ተጣብቋል። የጋሽ ዘለቀን ጉልበት ሊስሙ አጎነበሱ፤ ጋሽ ዘለቀ ከለከሏቸው።

«ነፍሴን አተረፉልኝ፣ አቶ ዘለቀ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ይጠይቁ።»

«ያን ቀን ሕዝቡ የሳቀው ለምን ነበር?»

ጋሽ ዘለቀ ፊታቸውን አዩአቸው።

«እርስዎ ለሲኞሩ የነገሩት ምን ነበር?» አሏቸው።

«እርስዎ ወንድ ስለሆኑ ነዋ። ሌላ ምክንያት ነበረው እንዴ?»

«‹የሚገዛህ› ያሉትስ?»

አቶ ብርሃኑ አፈሩ። «እሱማ፣ ጣሊያንኛ ላይ ያለፈውንና ያሁኑን መለየት እስከ መጨረሻው አልተዋጣልኝም። መምህር ጥላሁን ሲጠይቁኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር» አሉ።

«በሉ፣ ደህና ይዋሉ» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

መታጠፊያው ጋ እስክንደርስ ራሳቸውን ገቱ። ከዚያ አጥር ተደግፈው ሳቁ፤ ያ ልምምድ ላይ እምቢ ያላቸው ሳቅ ሁሉ ያኔ ወጣላቸው። ጢማቸው በእንባ ራሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሕዝቡ ሐሰት ሰምቶ የተመለሰ መሰለኝ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ለሰዉ እውነቱን ብንነግረው አይሻልም?» አልኳቸው።

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መንገዱን ቀጠሉ።

«ተይው» አሉኝ። «ያኔ እኛ የተረፍነው እሱ ባለማወቁ ነው። ዛሬ ደግሞ እሱ እነሱ ባለማወቃቸው ይትረፍ።»